ከጀልባ ሆድ ስር የሚወጣው ጉድ፦ የምታውቁ ካላችሁ እስቲ ተወያዩ

ቀፎ ፋቂ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:20

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ የቤት ኪራይ፣ የወረቀትና የፖለቲካ ወሬ ነው የሚበዛው። የኔ ጥያቄ ለየት ይላልና ታገሡኝ።

የምኖረው ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ነው። ስድስት ዓመት የሠራሁት በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር ባለ የጀልባ ጥገና ግቢ ነው። ጀልባው በክሬን ከውኃ ይወጣል፣ በከፍተኛ ግፊት ውኃ አጥበዋለሁ፣ ከቀፎው (ከጀልባው የውጭ አካል) ያልለቀቀውን በመፋቂያ እፍቃለሁ፣ ከዚያ ቀለም ይቀባል። የጭነት መርከብ አይደለም የምላችሁ። ሰው ቅዳሜና እሑድ የሚዝናናባቸው የሸራና የሞተር ጀልባዎች ናቸው።

ባለፈው ሳምንት አንድ 38 ጫማ የሸራ ጀልባ ወጣ። ሁለት ዓመት ከታሰረበት ሳይነቃነቅ ቆይቷል። አሁን ባለቤቱ ወደ ሳን ዲዬጎ፣ ከዚያም ወደ ሜክሲኮ ሊወርድ ነው። ክሬኑ ሲያነሣው ግቢው በሙሉ ሸተተ። ከሩቅ ጀልባው ጢም ያበቀለ ነው የሚመስለው። ጠጋ ብዬ ሳየው አንዱ በሌላው ላይ ቤት ሠርቷል፦ ከታች ነጫጭ ባርናክል (እንደ ድንጋይ ተጣብቆ የሚኖር ባለቅርፊት ፍጥረት)፣ በላዩ የደረቀ ድልህ የመሰለ ቀይ ቅርፊት፣ በቅርፊቱ ላይ ደግሞ የተንጠለጠሉ ዝልግልግ ከረጢቶች፤ ጫን ሲሏቸው ፊትህ ላይ ውኃ ይተፋሉ። ከከረጢቶቹ መሀል ጥፍር የምታህል ሸርጣን ወጥታ በሲሚንቶው ላይ ሮጠች።

ያስደነገጠኝ ግን ከኪሉ (ከጀልባው ሆድ ሥር ቁልቁል ከሚወርደው ክንፍ) ጎን የተንዘረፈፈው ክንዴን የሚያክል ቡናማ የባሕር አረም ነው። ዋካሜ ነው፤ ጃፓኖች ሾርባ ውስጥ የሚጨምሩት። በመሀሉ እንደ ሙዝ ቅጠል አጥንት ያልፋል፤ ከሥሩ ደግሞ እንደ ሽንሽን ቀሚስ የተጨማደደ ነገር አለው፤ ዘሩን በሚሊዮን የሚበትነው ከዚያ ነው። አገሩ ምሥራቅ እስያ ነው። በፈረንጆቹ 2000 ሎስ አንጀለስ ወደብ ታየ፣ በ2001 ሞንቴሬይ፣ በ2009 እዚሁ ሳን ፍራንሲስኮ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) ውስጥ። ያኔ በጎ ፈቃደኞች እየመጡ ከመትከያው ላይ በእጃቸው ይነቅሉት እንደነበር የቆዩት ሠራተኞች አጫውተውኛል።

አለቃዬ «ቶሎ እጠበውና ቀባው» ነው ያለኝ። አጠብኩት። ግን ሰውዬው ለመቀባት ብሎ እኛ ጋ ባይመጣ ኖሮ ይህን ሁሉ ተሳፋሪ ያለ ትኬት ይዞ ነበር የሚሄደው። ይህን ነገር የሚያስብበት ሰው አለ? ወይስ ሥራው ነው ጭንቅላቴ ላይ የወጣው?

ዝም አልልም | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:05

ወንድሜ፣ ሥራው ነው። እረፍት ውሰድ።

ከምር ግን፣ ባሕር እኮ አጥር የለውም። ዓሣው ይዋኛል፣ አረሙ ይንሳፈፋል። ደግሞ በዓለም ላይ ኮንቴይነር ተሸክመው የሚመላለሱ ስንት ግዙፍ መርከቦች እያሉ የአንድ ጡረተኛ ፈረንጅ ሸራ ጀልባ ምን ያመጣል? እንደኔ ይህ ነገር ትልቁን ትቶ ትንሹን ማባረር ነው።

ቀፎ ፋቂ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:30

@ዝም አልልም ዋካሜ ከጃፓን እየተንሳፈፈ አልመጣም። ዘሩ ውኃ ውስጥ ብዙ ቀን አይቆይም፤ የሚይዘው ነገር ካላገኘ አለቀለት። እዚህ የደረሰው ተለጥፎበት የመጣ ነገር ስላለ ነው። መርከብ ይሁን ጀልባ እንከራከር፤ «ባሕሩ አመጣው» የሚለውን ግን ተወው።

ወይራ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 1:15

ሰላም ከሜልቦርን። የተማርኩት የባሕር ባዮሎጂ ነው፤ አሁን የምሠራው ሌላ ሥራ ነው (ታሪኩ ረጅም ነው፣ ስደተኛ የሆነ ይገባዋል)። በዚህ ርዕስ ላይ አማርኛ ማንበቤ ራሱ ደስ ብሎኛል።

@ዝም አልልም ግማሹን ልክ ነህ። ከውቅያኖስ ወደ ውቅያኖስ በማሻገር ትልቁ ድርሻ የመርከብ ነው። መርከብ ጭነቱን ሲያራግፍ ሚዛኑ እንዳይዛባ ሆዱን በባሕር ውኃ ይሞላል፤ በሚቀጥለው ወደብ ሲጭን ያንን ውኃ ከነእጩ (በዓይን ከማይታየው የባሕር ፍጥረት ጨቅላ ጋር) ይደፋዋል። የቀፎ ፋቂን ባሕረ ሰላጤ ያጠኑት ኮሄንና ካርልተን በ1998 ባወጡት ጽሑፍ 234 መጤ ዝርያ ቆጥረዋል። ከ1961 እስከ 1995 ባለው ጊዜ በአማካይ በየ14 ሳምንቱ አንድ አዲስ መጤ ይገባ ነበር ብለዋል። ይህ ሁሉ በመዝናኛ ጀልባ አልመጣም፣ እውነት ነው።

ግን እዚህ ላይ ነው ነገሩ። የጭነት መርከብ ከጅቡቲ አዲስ አበባ እንደሚመላለሰው ከባድ መኪና ነው፤ ትልቁ ከተማ ላይ አራግፎ ይመለሳል። የመዝናኛ ጀልባ ባጃጅ ነው። ከዋናው መንገድ ተነሥቶ ውስጥ ለውስጥ፣ ኮረብታው ጀርባ ድረስ ይገባል። መርከብ ደርሶባት የማያውቅ ትንሽ የባሕር ወሽመጥ፣ የተጠበቀ ደሴት፣ ኮራል ያለበት ሥፍራ፣ እዚያ መልሕቅ የሚጥለው እሱ ነው።

ሌላው የአኗኗሩ ነገር ነው። መርከብ ከቆመ ኪሳራ ስለሆነ ዘወትር ይጓዛል፤ ፍጥነቱም ብዙውን ነገር ከቀፎው ያራግፈዋል። የመዝናኛ ጀልባ ደግሞ አሥር ወር ማሪና ውስጥ ተገትሮ ያበቅላል፣ ከዚያ በአምስት ስድስት ኖት (በሰዓት ወደ አሥር ኪሎ ሜትር) እያዘገመ ይሄዳል። የተለጠፈው አይነቃነቅም። እንዲያውም በየመንገዱ ምግብ ያገኛል።

ሕጉም የተጻፈው ለመርከብ ነው። የባላስት ውኃ (መርከብ ለሚዛን የሚሞላው ያ ውኃ) ስምምነት በ2017 ሥራ ላይ ውሏል። ከ24 ሜትር በታች ለሆኑ የመዝናኛ ጀልባዎች ግን የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ2012 ያወጣው ምክር ብቻ ነው፤ ቢፈልጉ ይከተሉታል፣ ባይፈልጉ በዓለም አቀፍ ደረጃ ማንም አይጠይቃቸውም።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁና ላብቃ። የሆነው እዚሁ አውስትራሊያ፣ ዳርዊን ነው። በመጋቢት 1999 ጠላቂዎች ካለን ቤይ የምትባል ማሪና ውስጥ ገብተው ሲያዩ መትከያው፣ ገመዱ፣ ጀልባው ሁሉ የጣት ጥፍር በምታክል ጥቁር ሸንተረር ባላት ዛጎል ተሸፍኗል። አገሯ መካከለኛው አሜሪካ ነው። የሚያስፈራው ምን መሰላችሁ፦ ከስድስት ወር በፊት እዚያው ቦታ ላይ ፍተሻ ተደርጎ አንዲት አልተገኘችም ነበር! በተወለደች በወሯ የምትወልድ ፍጥረት ናት። ያመጣት ከውጭ የመጣ የመዝናኛ ጀልባ ነው ተብሎ ይታመናል።

ዳርዊን ዕድለኛ ነበረች። የባሕሩ ውኃ በቀን ውስጥ በብዙ ሜትር ስለሚወጣና ስለሚወርድ ማሪናዎቹ የሚዘጋ በር አላቸው። በሩን ዘጉት። ከዚያ ክሎሪንና የመዳብ ሰልፌት ደፉበት፤ ከዛጎሏ ጋር ውስጡ የነበረው ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ አለቀ። ከዚያ ማሪና ወጥተው የሄዱ በመቶ የሚቆጠሩ ጀልባዎች አንድ በአንድ ተፈልገው ተፈተሹ። ከሁለት ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ወጣበት፤ ግን ጠፋች። ባሕር ውስጥ የገባ መጤ ሙሉ በሙሉ ከጠፋባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ነው። ያ በር ባይኖር ኖሮ የሚዘጋ ነገር አልነበረም።

የጣና ልጅ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 4:40

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲባል ነበር የምናውቀው። በጀልባ መሄድ ጀመረ ማለት ነው?

ከባሕር ዳር ነኝ። እናንተ ስለ ባሕር ታወራላችሁ፣ እኔ ግን ስለ እምቦጭ እያሰብኩ ነው ያነበብኩት። ጣና ላይ በደንብ የታወቀው በፈረንጆቹ 2011 ነው፤ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው ይባላል። ማን አመጣው የሚለው እስካሁን ያጨቃጭቃል፣ እሱን እንተወው። ንፋሱና ማዕበሉ ዋናው አጓጓዥ እንደሆነ ማንም ያያል፤ ክረምት ላይ ደምቢያ በኩል ያደረው ጠዋት ሌላ ቦታ ነው። ግን አጎቴ ቱሪስት ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ የሚያመላልስ የሞተር ጀልባ አለው። አብሬው ስሄድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ፕሮፔለሩ ላይ ሥሩ ይጠመጠማል፣ ሞተሩ ያቃስታል። ረዳቱ ሞተሩን ያነሣና በቢላ እየቆራረጠ ይጥለዋል። የት? ያለበት ቦታ ላይ! ሥሩ ደግሞ ሳይፈታ የቀረው እዚያው እንደተጠመጠመ ደሴቱ ድረስ ይሄዳል። ቆርጦ ከመጣል ማዳበሪያ ውስጥ ከትቶ ወደብ ሲደርስ ፀሐይ ላይ ማስጣት ማንን ይጎዳል? አጎቴን ብለው «አንተ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ከመጣህ ወዲህ» አለኝ።

ጡረተኛው መርከበኛ | እሑድ፣ ከቀኑ 8:10

ልጆቼ፣ ደስ የሚል ጨዋታ ይዛችኋል።

እኔ በወጣትነቴ ምጽዋ በባሕር ኃይል አገልግያለሁ። ጀልባ ወደ ላይ ተስቦ ሲወጣ የምንፍቀው እኛ አዲስ ገቦቹ ነበርን። ቅጣትም ነበር፤ ያጠፋ መፋቂያ ይሰጠዋል። በምጽዋ ሙቀት ያንን ባርናክል መፋቅ ምን እንደሆነ ቀፎ ፋቂ ያውቀዋል፤ እጄ ላይ ያለው ጠባሳ እስካሁን አልጠፋም። ያን ጊዜ የምንፍቀው ጀልባው እንዳይከብድና ነዳጅ እንዳይበላ ነው። የሌላ አገር ፍጥረት ይሆናል ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። የፋቅነውንም በአካፋ ሰብስበን መልሰን ወደ ባሕሩ ነበር የምንደፋው!

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ወይራ። ሁልጊዜ ወደዚህ መጣ ወደዚያ መጣ ይባላል። ከኛ ከቀይ ባሕር ወደ ውጭ የሄደ አለ?

ወይራ | እሑድ፣ ከቀኑ 9:00

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቁኝ።

አለ። ምጽዋ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ሲራመዱ እግርዎን የሚነካካ፣ ጣት የምታክል ሞላላ ቅጠል ያለው አጭር የባሕር ሣር አይተው ይሆናል። ሃሎፊላ ስቲፑላሲያ ይባላል። አገሩ ቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ ነው። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ፣ በ1894 ሜዲትራኒያን ውስጥ ተመዘገበ። ከዚያ በ2002 ካሪቢያን ውስጥ፣ ግሬናዳ ላይ ተገኘ። አትላንቲክን ተሻግሮ! ከሜዲትራኒያን ወደ ካሪቢያን በየዓመቱ የሚሻገሩት የሸራ ጀልባዎች እንዳደረሱት ነው የሚታመነው። ከዚያ ወዲህ ከደሴት ወደ ደሴት ሲስፋፋም ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚታየው ጀልባ መልሕቅ በሚጥልባቸው ወሽመጦች ነው። መልሕቁ ሲነሣ ሣሩን ነቅሎ ይወጣል፤ ሰንሰለቱ ጭቃ እንደያዘ ጉድጓዱ ውስጥ ይጠቀለላል፤ እዚያ ጨለማና እርጥብ ነው። በሚቀጥለው ደሴት መልሕቁ ሲወርድ ቁራጯ አብራ ትወርዳለች፣ ሥር ትሰዳለች።

ሰው ቀፎውን ብቻ ያስባል። መልሕቅና ሰንሰለት፣ የረጠበ ገመድ፣ የጠላቂ ልብስ፣ የዓሣ ማጥመጃ መረብም አለ። ኒውዚላንድ በ2021 ግሬት ባሪየር በምትባል ደሴት ላይ ካውለርፓ የሚባል አረም ሲገኝ የመጀመሪያው እርምጃ እዚያ አካባቢ መልሕቅ መጣልን መከልከል ነበር።

ጡረተኛው መርከበኛ | እሑድ፣ ከቀኑ 9:35

አይ ጉድ! እኛ ባሕራችንን አጥተን ቀረን፣ ሣሩ ካሪቢያን ገባ በይኛ! ተባረኪ ልጄ።

አሽዶድ ነኝ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1:50

ጋሼን አንብቤ ብቻዬን ሳቅሁ።

እኔ ያለሁት እስራኤል ነው፤ ማሪና አጠገብ በጥበቃ እሠራለሁ። እዚህ የስዊዝ ቦይ ነገር የየቀን ወሬ ነው። በጋ ላይ ከቀይ ባሕር በኩል የመጣው ትልቁ ጄሊፊሽ መንጋ ሆኖ ይመጣና የመታጠቢያውን ዳርቻ ይዘጋዋል፤ የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች ውኃ መሳቢያ ላይም ይሰገሰጋል። ስለዚህ እዚህ ሰው «ጥፋቱ የቦዩ ነው» ብሎ ይገላገላል። በቦዩ የገባውን ከማሪና ወደ ማሪና፣ ወደ ቆጵሮስ፣ ወደ ቱርክ፣ ወደ ግሪክ የሚያዳርሰው ማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። የሜዲትራኒያንን ማሪናዎች እየዞሩ የጀልባ ሆድ የፈተሹ ተመራማሪዎች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ቢያንስ አንድ መጤ ዝርያ አግኝተዋል።

እኔ በዓይኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። ባለጀልባው ጠላቂ ይጠራል፤ ጠላቂው እዚያው ውኃ ውስጥ ሆኖ ይፍቅለታል። ውኃው ይደፈርሳል፣ ዓሣው ይሰበሰባል፣ ባለጀልባው ደስ ይለዋል። የተፋቀው ግን የት ሄደ? ቀፎ ፋቂ፣ ይህ ይሻላል ወይስ ይብሳል?

ቀፎ ፋቂ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3:10

በጣም ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱ ግን «እንደ ሁኔታው» ነው።

ጀልባው ከዚያው ማሪና ወጥቶ የማያውቅ ከሆነና ያለበት ስስ አተላ ብቻ ከሆነ በለስላሳ ስፖንጅ በየጊዜው መጥረጉ ጥሩ ነው። ተሳፋሪው ሳያድግ ይወገዳል። ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ወደብ መጥቶ ከሆነ ግን እዚያ ውኃ ውስጥ መፋቅ ዘር መዝራት ነው። እነዚያ ዝልግልግ ከረጢቶችና ምንጣፍ መሳይ ዘመዶቻቸው ሲቆራረጡ አይሞቱም፤ አንዳንዶቹ ከቁራጭ እንደገና ይበቅላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሲነኩ ደንግጠው እንቁላላቸውን ይለቃሉ። እንዲህ ያለው ጀልባ መውጣት ያለበት ወደ ደረቅ መሬት ነው፤ እኛ ጋ የእጥበቱ ውኃ ተጣርቶ፣ ዝቃጩ በበርሜል ነው የሚወጣው።

ደግሞ በሻካራ ብሩሽ የሚፍቅ ጠላቂ ቀለሙንም አብሮ ይፍቀዋል። ቀለሙ መዳብ አለበት፤ መዳቡ ነው እንዳይለጠፍ የሚያደርገው። ሳን ዲዬጎ ሼልተር አይላንድ ማሪና ውስጥ ከጀልባ ቀለም የሚወጣው መዳብ ውኃውን ስለበከለ እንዲቀነስ ታዟል። መዳብ ቢበዛ ባሕሩ ይመረዛል፣ ቢያንስ ጀልባው ይበቅላል። በሁለት እሳት መሀል ነን።

መዳቡን የማይፈራም አለ። ያ ድልህ የመሰለ ቀይ ቅርፊት ዋተርሲፖራ ይባላል። ትኩስ ቀለም ላይ ሳይቀር ይወጣል። አንዴ ከተነጠፈ በኋላ መዳብ የሚገድላቸው ሌሎቹ በሱ ጀርባ ላይ ይሰፍራሉ፤ ቀለሙን አይነኩትማ! ባለፈው ሳምንት ያየሁት ንብርብር እንደዚያ ነው የተሠራው። መጀመሪያ የገባው ለሌሎቹ ምንጣፍ ያነጥፋል።

አሁን ደግሞ ስድስት ዓመት ሠርቼ የተማርኩትን፣ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ። የጀልባው ጎን ንጹሕ ሆኖ ሊያታልል ይችላል። እኔ መጀመሪያ የማየው ሦስት ቦታ ነው። የኪሉ መረገጫ፤ ጀልባው ግቢ ውስጥ ሲቆም በእንጨት ላይ ስለሚቀመጥ እዚያ ቀለም አይነካውም። ቀጥሎ የድጋፍ እግሮቹ የነበሩባቸው ቦታዎች፤ በየጊዜው እዚያው ላይ ስለሚደገፍ ዓመታት ሙሉ ቀለም ያላዩ ክቦች ናቸው። ቀጥሎ ሞተሩ ለማቀዝቀዣ ውኃ የሚስብባት ቀዳዳና ወንፊቷ፣ ከመሪው ማጠፊያ ጋር። ጫካው ያለው እዚያ ነው። ያ ዋካሜም ከዚያ ክብ ላይ ነበር የበቀለው።

ዝም አልልም | እሑድ፣ ከምሽቱ 3:45

እሺ፣ ተሸነፍኩ አልልም፤ ግን የዳርዊኑ ታሪክ አሳስቦኛል።

አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። መጣ እንበል። ምን አጠፋ? ዋካሜው ይበላል፣ ሣሩ ሣር ነው። ሁሉም መጤ ክፉ ነው ማለት ከየት መጣ? እኛም እኮ እዚህ አገር መጤ ነን።

ወይራ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 12:50

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ስንቱ ሰው እንደጠየቀኝ ባወቅህ! ሰው ሌላ፣ ዛጎል ሌላ። አንተ ስትመጣ ጎረቤትህን አፍነህ አልገደልክም፤ አንዲት ሴትም በዓመት ሚሊዮን እንቁላል አትጥልም።

ደግሞም ሁሉም መጤ ክፉ አይደለም። ብዙው መጥቶ ይሞታል፣ ጥቂቱ ይኖራል፣ ከሚኖረው ጥቂቱ ነው የሚያስቸግረው። ችግሩ የትኛው እንደሆነ ቀድሞ አለመታወቁ ነው። የካሪቢያኑ ሣር እዚያ የነበረውን የአገሩን ሣር ቦታ ይቀማል፤ ኤሊዎች የለመዱት ያንን ነበር። እዚህ ፖርት ፊሊፕ ቤይ ውስጥ በ1995 የታየው የሰሜን ፓስፊክ ኮከብ ዓሣ የባሕሩን ወለል ዛጎል ጠራርጎ ይበላል፤ ዛሬ የሚያጠፋው የለም። ቁም ነገሩ አንዴ ባሕር ውስጥ ከተስፋፋ መመለሻ የለውም።

ስለዚህ ነው ኒውዚላንድ ከ2018 ግንቦት ጀምሮ ማንኛውም ከውጭ የሚመጣ መርከብም ጀልባም ቀፎውን አጽድቶ እንዲመጣ ያስገደደችው። 21 ቀንና ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ከአተላና ከአንድ ዓይነት ባርናክል በስተቀር ምንም ይዞ መግባት አይችልም። ልብ በሉ፣ ዋናው ሐሳብ ከመድረሱ በፊት እንዲጸዳ ነው።

አዲስ ካፒቴን | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:00

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ አሁን ፈራሁ። ሳክራሜንቶ ነኝ። ባለፈው ክረምት 19 ጫማ ያገለገለ የሞተር ጀልባ ገዛሁ (ሚስቴ እስካሁን አልታረቀችኝም)። ዴልታው (ወንዞቹ ወደ ባሕረ ሰላጤው ከመግባታቸው በፊት የሚገናኙበት) ውስጥ ከልጆቼ ጋር ዓሣ እናጠምዳለን። በሚቀጥለው ወር ከመኪና ጀርባ አስሬ ተራራው ላይ ወዳለ ሐይቅ ልወስደው ነበር። የኔ ጀልባ እኮ ውኃ ውስጥ አያድርም፤ በተጎታች ጋሪ ቤት ነው የሚያድረው። እኔንም ይመለከታል?

ቬጋስ 15 ዓመት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ካፒቴን፣ ከሁሉም በላይ አንተን ነው የሚመለከተው።

እኔ ያለሁት ላስ ቬጋስ ነው። ሌክ ሚድን ታውቀዋለህ፣ ሁቨር ግድብ ያቆመው ሐይቅ። በጥር 2007 አንድ ማሪና ውስጥ ኳጋ የምትባል ትንሽ ባለሁለት ቅርፊት ዛጎል ተገኘች። አገሯ ዩክሬን ነው። በአሜሪካና በካናዳ መሀል ያሉት ታላላቆቹ ሐይቆች የገባችው በመርከብ ነው፤ ከዚያ ግን መርከብ አይደለም ቬጋስ ያደረሳት፣ በረሃ ነዋ! ከአንድ ሺሕ ማይል በላይ በመኪና ጀርባ፣ ጀልባ ላይ ተለጥፋ ነው የመጣችው። ዛሬ የግድቡን ቧንቧ ሳይቀር ትለጠፍበታለች፤ ውኃው ሲጎድል ድንጋዩ ሁሉ በሷ ቅርፊት ነጭ ሆኖ ታየዋለህ፣ በባዶ እግርህ ብትረግጠው ይቆርጥሃል። ከውኃ ወጥታም ቀዝቃዛና እርጥብ ቦታ ካገኘች ለቀናት፣ ሲመቻትም ለሳምንታት በሕይወት ትቆያለች።

እዚህ ከሐይቁ ስትወጣ ሦስት ነገር ነው የሚሉህ፦ አጽዳ፣ አንጠፍጥፍ፣ አድርቅ። መውጫ ቡሹን ፍታው። ከወለሉ ስር ያለውን ውኃ፣ የዓሣ ማቆያውን፣ ሞተሩ ውስጥ የቀረውን ሁሉ አውጣ። እጩ በዓይን አትታይም፤ አንድ ኩባያ ውኃ ይበቃታል።

ቀፎ ፋቂ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

አዲስ ካፒቴን፣ አንተ ጋ ደግሞ ጉዳዩ ትኩስ ነው። በጥቅምት 2024 ስቶክተን ወደብ ላይ ወርቃማ ሙሰል የምትባል የእስያ ዛጎል ተገኝታለች፤ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ስትታይ የመጀመሪያዋ ነበር። አንተ የምታጠምድበት ዴልታ ማለት ነው። አንዳንድ ሐይቆች ጀልባህን ፈትሸው ከጋሪው ጋር በሽቦ ያስሩትና 30 ቀን ደረቅ ላይ ካልቆየ አያስገቡህም። የምትሄድበትን ሐይቅ ደንብ ሳታይ እንዳትነሣ፤ ስድስት ሰዓት ነድተህ ከበሩ መመለስ አለ። ሙቅ ውኃ ካገኘህ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን፤ በእጅ የሚነካ ሙቀት አይበቃም።

የጋሪውን ምንጣፍም አትርሳ፤ ጀልባው የሚተኛበት እንጨት የተለበሰበት። ለቀናት አይደርቅም።

የጣና ልጅ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:30

ሙቅ ውኃ ባይኖር የባሕር ዳር ፀሐይስ አይበቃም? ለአጎቴ ነው የምጠይቀው።

ቬጋስ 15 ዓመት | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 5:15

@የጣና ልጅ ለቁራጩ እንዴት አይበቃ! ሥሩ ኩርምትምት እስኪል ተወው። የእምቦጭ ዘሩ ግን ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ከመልሕቁና ከታችኛው ወለል ላይ ጭቃውን እጠቡት። አጎትህን ሰላም በልልኝ።

አዲስ ካፒቴን | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10:20

ሪፖርት ላድርግ። ዛሬ ጀልባውን ከነጋሪው አውጥቼ ፈታተሽኩት። ቡሹን ስፈታ ግማሽ ባልዲ ውኃ ወጣ፤ «ደረቅ ነው» ብዬ የምምልበት ጀልባ! ከሞተሩ እግር ላይ የደረቀ አረም ነበር፤ ልጄ በጥርስ ብሩሽ አወጣችው። ዛጎል አላገኘሁም። ሐይቁ ጋ ደውዬ 30 ቀኑን ነግረውኛል፤ ሰኞ ወስጄ አሳስረዋለሁ። የበጋው ግማሽ አለቀ ማለት ነው። ሚስቴ በጣም ደስ ብሏታል።

ቀፎ ፋቂ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:15

ጎበዝ። እኔም የጀመርኩትን ልጨርስ።

ያ 38 ጫማ ጀልባ። አለቃዬን ሳይሆን ባለቤቱን ነው ያናገርኩት። ሽማግሌ ሰው ነው፤ ዋካሜውን ይዤ አሳየሁት፣ ከሽንሽኑ ክፍል ላይ በጣቴ ጨምቄ ዝልግልጉን አሳየሁት። «ሳን ዲዬጎ ስደርስ አስፍቀዋለሁ ብዬ ነበር» አለ። አንድ ሌሊት በክሬኑ ማሰሪያ ተንጠልጥሎ ያድር ዘንድ ተስማማን፤ የኪሉን መረገጫና ድጋፍ የነበረባቸውን ክቦች ፍቄ ቀባኋቸው። ሰባት ቦታ ነበር። የውኃ መሳቢያውን ወንፊት ስፈታ ውስጡ ሌላ ሸርጣን ነበረች፤ እሷም በበርሜሉ ሄደች። ሰውዬው ለተጨማሪው ሰዓት ፊቱን አጨፍግጎ ከፈለ። መልሕቁንና ሰንሰለቱን ራሱ በቧንቧ ሲያጥብ ነው ትቼው ከሥራ የወጣሁት።

ዛሬ ጠዋት ስገባ ቦታው ባዶ ነበር።

ጡረተኛው መርከበኛ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:40

እጅህ ይባረክ ልጄ። ጓንት ግን አድርግ።